ከመፍረድ በፊት መመርመር

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ዕቃ ሲበላሽ በሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ልማድ ይታያል። አንደኛው ጥፋቱን ፈጥኖ በአንድ ነገር ላይ መጣል ሲሆን፣ ሁለተኛው ምክንያቱን ከሥሩ መመርመር ነው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለእህልና ለዱቄት ብቻ የተነገረ እንዳይመስላችሁ፤ ለኮምፒዩተርም ይሠራል። ይህንንም በሐረር ከተማ ካጋጠመኝ ጉዳይ ተነሥቼ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ የከተማው ክፍል በሚገኝ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች መዝገብ የሚጻፍበት ኮምፒዩተር ነበር። ይሠራ የነበረውም ኡቡንቱ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፈት በሞኒተሩ ላይ የሚታየው ሁሉ ወደ ጎን የተለጠጠና የደበዘዘ ሆኖ ተገኘ። ጊዜው የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ፣ የምስክር ወረቀት የሚዘጋጅበት ወቅት ነበር። በፊደላችን «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች አንዲት ሰረዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጸሐፊዋ ዓይናቸውን ወደ ሞኒተሩ አስጠግተው እያንዳንዱን ስም ደጋግመው ለማንበብ ተገደዱ። ስሙ በምስክር ወረቀቱ ላይ የተሳሳተ ተማሪ ሥራ ወይም ከፍተኛ ትምህርት ፈልጎ ሲሄድ «ይህ ወረቀት ያንተ አይደለም» ሊባል እንደሚችል ስታስቡ፣ ነገሩ የዓይን ምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ትረዳላችሁ።

ፍርዱ ግን ወዲያው ተሰጠ። ርእሰ መምህሩ «መምህር፣ በነጻ ከተገኘ ፕሮግራም ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል? እናጥፋውና ሌላ እንጫንበት» አሉኝ። ሌሎች ደግሞ ሞኒተሩ አርጅቷልና ይጣል አሉ። እኔም «ከመጥፋቱና ከመጣሉ በፊት፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ጊዜ ልመርምረው» ብዬ ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝም።

እዚህ ላይ «ነጻ» የሚለውን ቃል ማብራራት ይገባል። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምሩ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተውን ኡቡንቱን ያስጀመሩት ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስሙም ከደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰብአዊነት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ነጻ የሚባለው ዋጋ ስለማይጠየቅበት ብቻ አይደለም። የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው ስለሚችል ነው። ስለዚህ ነጻ ማለት ጥራት የጎደለው ማለት አይደለም።

ወደ ሞኒተሩ እንመለስ። በሞኒተር ላይ የሚታይ ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የነበረው ሞኒተር በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች ስለ ነበሩት፣ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ታዲያ ኮምፒዩተሩ ይህን ልክ እንዴት ያውቃል? በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የሚሠሩትን ልብስ ሰፊዎች ያየ ሰው መልሱ አይከብደውም። ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት የባለ ልብሱን ቁመትና ወርድ ይለካል፤ ልኩን ካላገኘ ግን ለብዙ ሰው ይሆናል ብሎ በገመተው መጠን ይሰፋል። ሞኒተርም ማንነቱንና ልኩን የያዘ አጭር መልእክት በኬብሉ በኩል ለኮምፒዩተሩ ይልካል። መልእክቱ ኢዲአይዲ ይባላል፤ ደንቡም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ይህ መልእክት ሳይደርሰው ሲቀር ያ ኮምፒዩተር 1024 በ768 በሆነ መካከለኛ ልክ ይሠራ ነበር። ይህም 786,432 ነጥብ ብቻ ነው። ሞኒተሩም ይህን ትንሽ ምስል በሰፊው ገጹ ላይ ሲለጥጠው ፊደላቱ ደበዘዙ።

ምርመራዬን በቅደም ተከተል አካሄድሁ። በመጀመሪያ ያየሁትን ሁሉ በደብተር ላይ ጻፍሁ። ቀጥዬ የሞኒተሩን ማስተካከያ ገጽ ከፈትሁ፤ ከቀረቡት ምርጫዎች ትልቁ 1024 በ768 ነበር። ከዚያም ተርሚናል በተባለው ትእዛዝ መጻፊያ ገብቼ ኤክስራንድአር የተባለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ከወጣው ዝርዝር ኮምፒዩተሩ አንድ ሞኒተር መኖሩን እንጂ ልኩን እንደማያውቅ ተረዳሁ። እንግዲህ ፕሮግራሙ አልሳተም፤ ያልተነገረውን አላወቀም እንጂ።

ስለዚህ ፊቴን ወደ ኬብሉ መለስሁ። ቪጂኤ የሚባለው ይህ ኬብል በጫፉ ላይ የ15 እግሮች ቦታ አለው። ሦስቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞችን ያስተላልፋሉ፤ 12ኛውና 15ኛው የልኩን መልእክት ያደርሳሉ። 9ኛው በብዙ ኬብሎች ላይ ከመጀመሪያውም ስለማይኖር መጉደሉ እንደ ጥፋት አይቈጠርም። ኮምፒዩተሩንና ሞኒተሩን አጥፍቼ ኬብሉን ስነቅለው 12ኛው እግር ተጣሞ አገኘሁት። ጸሐፊዋን ብጠይቃቸው፣ ባለፈው ቀን ማታ ጠረጴዛው ከቦታው ሲነሣ ኬብሉ ተነቅሎ በኃይል መልሶ እንደ ተሰካ ነገሩኝ። የቀለሞቹ እግሮች ደኅና ስለ ነበሩ ምስሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ልኩ ብቻ ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤት ደኅና ኬብል አስመጥቼ ተካሁ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ኮምፒዩተሩ ሲበራ 1920 በ1080 የሚለው ልክ መጣ፤ ፊደላቱም ጠሩ። ርእሰ መምህሩም ስቀው «ለካ ጥፋተኛው ሽቦ ኖሯል!» አሉ።

እስቲ አስቡት፤ ፕሮግራሙ ጠፍቶ ሌላ ቢጫን ኖሮ አዲሱም ያንኑ የተጣመመ እግር ያገኝ ነበር። የተማሪዎቹም መዝገብ በከንቱ ለአደጋ በተጋለጠ ነበር። ይህን ስል ነጻ ፕሮግራም ፈጽሞ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም፤ በሰው እጅ የተሠራ ነውና ይሳሳታል። ነገር ግን መሳሳቱ በማስረጃ ይረጋገጥ እንጂ በዋጋው ምክንያት አይገመት። እናንተም የተበላሸ ነገር ሲያጋጥማችሁ ያያችሁትን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ የተጠረጠረውን ደኅና በሆነ ሌላ ፈትኑት። ፍርዱን ከዚህ በኋላ ስጡ።