ስለ ዘመሮ ስንቅ

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ያለችው ዘመሮ የደጋ ከተማ ናት። አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ ጤፍ እንደ ወይና ደጋው አይሆንለትም፤ ገብስና ባቄላ ግን ይስማሙታል። የዘመሮ ሰው ስንቅም ከእነዚሁ ከሁለቱ ይወጣል።

እኛ በችሎት ደጃፍ የምንውል ጸሐፊዎች የስንቅን ጥቅም ዘወትር እናያለን። ቀጠሮው ወደ ነገ ሲተላለፍ፣ በአቁማዳው በሶ የያዘ ባለጉዳይ ታግሦ ያድራል። ጥቂት ብር ብቻ ይዞ የመጣው ግን ገንዘቡ በምሳና በእራት ሲያልቅበት፣ ጉዳዩን ጥሎ ይመለሳል ወይም በማይገባው ዕርቅ ይስማማል። እንግዲህ ስንቅ የሆድ ነገር ብቻ ሳይሆን የመብትም ነገር ነው።

በሶ ሲዘጋጅ ገብሱ ተለቅሞ ይሸከሸካል፤ ገለባው ከወጣ በኋላም በምጣድ ታምሶ ይፈጫል። ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ ስለ ሆነ ማገዶ አይፈልግም። በውሃና በጥቂት ጨው ጠንከር ተደርጎ ሲታሽ ጭብጦ፣ ሲቀጥን በሶ ብጥብጥ ይባላል። የቲቤት ደገኞችም ጻምፓ የሚሉት የተቆላ ገብስ ዱቄት አላቸው። በሶ ዳግመኛ እሳት ስለማያገኘው፣ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ይልቁንም ለሕፃናት።

ባቄላም ተቆልቶ በውሃ ሲርስ አሹቅ ይሆናል። ገብስ ላይሲን የሚባለው የሰውነት መገንቢያ ያንሰዋል፤ በባቄላ ግን ሞልቷል፤ ባቄላ የሚያንሰውንም ገብስ ያሟላለታል። ስለዚህ 2 እጅ ገብስና 1 እጅ ባቄላ ባንድነት ተቀቅሎ ንፍሮ ቢሆን፣ በጥቂት ወጪ መልካም ምግብ ነው። ጥርሱ ላልጠነከረ ሕፃን ግን ደቅቆ ይሰጠው። በገብስ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለው አሰር የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገይ፣ ረሃብ ቶሎ አይመለስም።

በገበያ ቀን ገብሳቸውን ሸጠው ለልጆቻቸው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የሚገዙ እናቶችን አይተናል። ይህ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ጣዕሙ ከአፍ ሳይርቅ ያልፋል፤ ከጎተራ የጎደለው እህል ግን በክረምት ይፈለጋል። ስለዚህ፣ እመቤቶች ሆይ፣ ወደ ገበያ የሚወርደው እህል ከመሰፈሩ በፊት፣ ለልጆች የትምህርት ቤት ስንቅና ለመንገደኛው የሚበቃውን ገብስና ባቄላ አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።