ከሳፋው በፊት

በጎጃም ገጠር መንገደኛ ደክሞት ሲገባ ከእህል በፊት የሚቀርብለት ለብ ያለ ውኃ ነው። ከቤቱ ልጆች አንዱ ዝቅ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል፤ እንግዳውም ይመርቀዋል። እኔ የተወለድሁት ደጀን ነው፣ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ከጎሐ ጽዮን በኩል ወርዶ ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው፣ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣም ይሂድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ በእኛ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13ን ማንበብ ሳልጀምር እግር ማጠብን አውቀው ነበር።

እግራቸውን የማያስነኩ ሰዎችም እንዳሉ አውቅ ነበር። እናቴ ዘንድ ቡና የሚጠጡ አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ እኛ ልጆቹ «እትየ» እንላቸዋለን። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው፤ ቀሚሳቸውንም መሬት እስኪነካ ይስቡታል። ውኃ ይዤ ስቀርብ «ተይው ልጄ፤ አንቺንም እንዳይዝሽ» ይሉኛል። ሕመማቸው ሰው «ዝሆኔ» የሚለው የእግር እብጠት ነበር። በሰፈሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ነው፤ ለብዙው «ባለ ዝሆኔዋ» ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቁ ቤተሰቦች «ዘሩ አለባቸው» የሚል ወሬ ሰምተው ቀሩ። ከዚያ በኋላ እትየ ገበያም መውጣት ተዉ።

ይህ በሽታ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው፤ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ በእግር ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳል። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚበረታው ሰውነታቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ስለሚጋለጥ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ግን ይጠበቃል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይገመታል፤ የጎጃም ደጋም በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው? ወጣቶች ሆይ፣ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ሕክምናው እግር ማጠብ ነው። በየዕለቱ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ የጤና ባለሙያ በሚነግረው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግር በድንገት ተቆጥቶ ትኩሳት የሚያስይዝበት፣ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም፣ እንክብካቤው ወዲያው ባልተጀመረላቸው ሰዎች ላይ በዓመት 24 ጊዜ ገደማ ሲነሣ፣ በተጀመረላቸው ላይ ወደ 19 ገደማ ወርዶ ተገኘ። ተአምር አይደለም። ለገበሬ ግን ሕመሙ አምስት ጊዜ ቀረለት ማለት በአጨዳ ወቅት ማሳው ላይ ተገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ ውኃው ቀላል፣ ሳሙናው ቀላል ከሆነ ሰው ስለ ምን ሳይታከም ይቀራል? ድህነት አንዱ ምክንያት ነው፤ የጤና ጣቢያው ርቀትም ሌላው። እትየን ቤት ያስቀራቸው ግን ቃል ነው። እንዲህ ላበጠ እግር ገበያ ላይ የተደረደረው ጫማ አይገባም፤ በልኩ መሠራት አለበት። ለመለካት እግሩን መያዝ ያስፈልጋል። ለመያዝ ባለቤቱ መግለጥ አለበት። መንደር ሙሉ በእግሩ ስም የሚጠራው ሰው ደግሞ እግሩን ለማን ይገልጣል? የጫማ ገንዘብ ማዋጣት መልካም ነው። ነገር ግን አፋችን ያቆሰለውን ሰው እጃችን ሊያክመው ቢሄድ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል።

እናቴ ሐኪም አይደለችም። ያደረገችው ሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ጎረቤታችንን በክርስትና ስማቸው፣ ጮክ ብላ፣ በአክብሮት ጠራቻቸው። ቀጥሎም ቡና ሲፈላ የራሷን በርጩማ አንሥታ በሩ አጠገብ፣ ከጎናቸው ተቀመጠች። «ወደ ውስጥ ይግቡ» እያለች አላስጨነቀቻቸውም፤ እርሷ ወደ እርሳቸው ሄደች። ወራት አለፉ። አንድ ቀን እትየ ራሳቸው «እስኪ ያቺን የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ጥሪልኝ» አሏት። ልጅቷ መጥታ ሳፋው ሲቀርብ ቀሚሳቸውን ከፍ አደረጉ። ውኃውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ በዚያ ቀን «ተይው» አላሉኝም።

በመጨረሻው እራት ጌታ ኢየሱስ ያደረገውን ሳስብ አሁን ዓይኔ የሚያርፈው ከሳፋው በፊት ባለው ንግግር ላይ ነው። ጴጥሮስ እምቢ ሲል እግሩን በግድ አልሳበውም፤ አነጋገረው፣ ታገሠው፣ ከዚያ አጠበው። 12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችውንም ሴት በሕመሟ አልጠራትም፤ ልጁ አድርጎ ጠራት። ሕዝቡ ፊት በተናገራት በዚያች ቃል ከሰውነቷ ፈውስ ጋር የሰውነት ክብሯንም መለሰላት።

በደጀን እኛ ወንጌላውያን ጥቂቶች ነን። እትየ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፤ ይህ ግን ከውኃው አልከለከለንም። በጎጃም ለእነዚህ ሕሙማን ብዙ የደከመው የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በወላይታ ደግሞ ሚሲዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ ይህንኑ አገልግሎት ጀመረ፤ እዚያም ታክመው የዳኑ ሰዎች ራሳቸው የሌሎችን እግር ወደ ማጠብ ተመለሱ። ጎረቤቶቻችን ስብከታችንን ላይሰሙ ይችላሉ። ስለ ሰው የምናወራውን ግን በየቀኑ ይሰማሉ።

በእናንተ ሰፈር ይህ በሽታ ላይኖር ይችላል፤ በጉድለቱ የሚጠራ ሰው ግን አይጠፋም። «አንካሳው»፣ «እብዱ»፣ «ያቺ የተፈታችው» የሚባል አለ። በኅብረታችን ቀልድ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያሉ ስሞች ይገባሉ። በዚህ ሳምንት ከእነርሱ የአንዱን እውነተኛ ስም ጠይቁ። ሌሎች በተሰበሰቡበትም በዚያ ስም ጥሩት። ከዚያ አጠገቡ ለመቀመጥ ጊዜ ይኑራችሁ፤ ምን እንደሚያስፈልገው እርሱ ራሱ ይነግራችኋል። ጌታ አፋችንንም እጃችንንም ይባርክ።