የዱባው ውሃ

የሴቶችን የጓዳ ሸክም የሚያወግዝ ተውኔት ጽፌ ለመድረክ አብቅቻለሁ፤ አዳራሹም አጨብጭቧል። ሆኖም አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ በገዛ እጄ ሊጥ አቡክቼ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ወቅቱ መጸው፣ ዱባም በየገበያው የሞላበት ነበርና፣ አውሮጳውያን ታርት የሚሉትን፣ ስኳር ሳይገባበት በአትክልት የሚሞላ ቂጣ ልጋግርላት ተነሣሁ። 250 ግራም ዱቄት ከ125 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ጋር አሽቼ፣ በጥቂት ውሃ ለውሼ ዳመጥሁ። ጥሬ ዱባና ቀይ ሽንኩርት ከትፌ ሞላሁበት፤ በወተት የተመታ እንቁላል አፍስሼም ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። ላዩ አምሮ ቀላ፤ ሥሩ ግን ሊጥ እንደ ሆነ ቀረ።

እናቴ አልሳቀችም። «ልጄ፣ የወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ለምን እንደሚቁላላ አስተውለህ አታውቅም? ውሃውን እስኪጨርስ ነው እኮ» አለችኝ።

በማግሥቱ አትክልቱን አስቀድሜ በደረቁ አበሰልሁ፤ ባዶውንም ቂጣ ለብቻው ጥቂት ጋገርሁት። ሥሩ ደረቀ። እናቴም ሁለት ቁራሽ በላች።

እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ጓዳው ድካም ብዙ ጽፌ፣ ስለ ጓዳው ዕውቀት አንዲት ቃል አልጻፍሁም ነበር። ሸክሙን አይቶ ጥበቡን አለማየት ራሱ በደል ነውና፣ እነሆ ያን ተውኔት እንደ ገና ልጽፈው ተቀምጫለሁ።