የእቴጌ መነን አዳሪዎች ሲገናኙ

በዛሬው ዓምዳችን የምንወስዳችሁ ሩቅ አገር አይደለም። ከአራት ኪሎ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን የሚወጣውን ዳገት ብትያያዙት በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅባችሁ ነው። ስድስት ኪሎ ስትደርሱ በመጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው በአደባባዩ መካከል በቆመው የሰማዕታት ሐውልት ላይ ይሆናል። ሐውልቱ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶች የፈጇቸውን ወገኖቻችንን የሚያስታውስ ነው። ቦምቡ የተጣለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሆኗል። በዚሁ አካባቢ መንገደኛው ብዙም ልብ ሳይለው የሚያልፈው አንድ ሌላ ግቢ አለ። ይህ ግቢ ከአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች ለመጡ ሴቶች ሁለተኛ የትውልድ ስፍራ ነው። እርሱም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ነው። በዚያን ዘመን ወንዱን ልጅ ወደ አስኳላ መላክ እንኳ ብዙ የሚያከራክር ነበርና፣ ሴት ልጅን ከእናቷ ጉያ አውጥቶ በአዳሪነት ማስተማር ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበር መገመት አያዳግትም። መጀመሪያ የገቡት በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ትምህርቱ ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ እንደገና ሲከፈት ግን በሩ ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሚመጡ ልጃገረዶች ጭምር ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ።

የዚህን ትምህርት ቤት ታሪክ አንሥቶ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው የተማሩ፣ በወረራው ጊዜም ተይዘው በኢጣሊያ የታሰሩ ናቸው። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በኃላፊነት መሩ፤ ለተማሪዎቻቸውም ተውኔት እየጻፉ ያሠሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የፓርላማ አባል ሆኑ። እንግዲህ በዚያ ግቢ ያደሩ ልጃገረዶች ሴት ልጅ የት ልትደርስ እንደምትችል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዓይናቸው ፊት ያዩ ነበሩ ማለት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ «የካቲት 12» ተብሎ ወንዶችም ሴቶችም የሚማሩበት ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር መልሶ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አድርጎታል፤ ስሙም እንደ ጥንቱ በእቴጌ መነን ተጠርቷል።

ሣጥንና ደወል

አሁን ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንውረድ። ከቀበና ወንዝ ማዶ ባለ አንድ ቤት፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በዚያ ግቢ ያደሩ አሥራ አንድ እናቶች በየወሩ ይገናኛሉ። በአንዱ እሑድ እኔም ጋብዘውኝ ከመካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ጠላውና ቡናው እንደማንኛውም ማኅበር ነው። እንግዳ የሚሆንባችሁ አነጋገራቸው ነው። የልጅ ልጅ ያዩ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚነሣላቸው እናቶች እዚያ ቤት ሲገቡ አንቱታው ከደጅ ይቀራል። «አንቺ ቀጭኗ፣ ዛሬም እንዳረፈድሽ ነው?» ይባባላሉ።

የአዳሪነት ኑሯቸውን እንዲያጫውቱኝ ብጠይቃቸው ሁሉም የጀመሩት ከሣጥን ነው። አንዷ ከጎሬ፣ አንዷ ከአሰላ፣ ሌላዋ ከመቀሌ ሲመጡ እያንዳንዳቸው ይዘው የመጡት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበረች። በውስጧ ልብሳቸው፣ እናት የቋጠረችው በሶና ጭኮ፣ አንዳንዴም ለጭንቅ ቀን ተብሎ በመሀረብ ጫፍ የታሰረ ብር ነበረባት። የሣጥኗ ቁልፍ በአንገት ትታሰራለች። ቀኑ የሚመራው በደወል ነው። ለመነሣት ደወል፣ ለቁርስ ደወል፣ ለጥናት ደወል፣ መብራት ለማጥፋትም ደወል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከአንበሳ ግቢ የአንበሶቹ ድምፅ ይሰማል። አዲስ ገቢዎቹ በፍርሃት ከጎረቤታቸው አልጋ ይገቡ ነበር።

ከአሰላ የመጡት እናት ያን ጊዜ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር። የአልጋ ጎረቤታቸው የመቀሌዋ ልጅ ደግሞ የምታውቀው ትግርኛ ብቻ ነበር። «መጀመሪያ የተግባባነው በልቅሶ ነው» አሉኝ የአሰላዋ። «እኔ ሳለቅስ እርሷ ትነሣና አብራኝ ታለቅሳለች። አማርኛውን በኋላ አብረን ለመድነው።» ቅዳሜ ቅዳሜ ተራ ገብተው ሹሩባ ይሠራሩ ነበር። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእናቷ ርቃ ለምትኖር ልጅ ራሷን የሚነካላት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። እነዚህ ሁለት እናቶች ከ50 ዓመት በላይ አልተለያዩም፤ አንዷ ስትወልድ ያረሰቻት ሌላዋ ናት።

ከግቢው በኋላ

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናው ተሰማራ። የጎሬዋ እናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ገብተው በነርስነት ተመረቁ። የኮሌጁ አሠራር ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን፣ ይኸውም የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን በኅብረት አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ነበር። «ሁለቱ ወንዶች ነበሩ» ይላሉ። «የወለደች ሴት ቤት ግን የሚገባው ማን ነው? እኔ ነኝ። በበቅሎ ግማሽ ቀን ሄጄ አዋልጄ፣ እንደገና ግማሽ ቀን እመለሳለሁ።» የአሰላዋ በአስተማሪነት 34 ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጡ። ሌላዋ የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ፤ ባላቸው በሞቱባቸው ጊዜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። «ዋሽንግተን ስገባ ታይፕ በደቂቃ ስንት ቃል እንደምመታ የጠየቀኝ የለም። የሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። አልጋ ማንጠፍ ደግሞ ከእቴጌ መነን ወዲህ የማን ሙያ ነው!» ሲሉ ቤቱ በሣቅ ሞላ። ሣቁ ጋብ ሲል ግን «ልጆቼ ያንን አልጋ አይተው አላፈሩብኝም፤ ሁሉም ተማሩ» ብለው ዝም አሉ።

በየወሩ ስብሰባቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ጡረተኛዋ አስተማሪ ደብተር ያወጡና የክፍሉን ልጆች ስም እንደ ድሮው ይጠራሉ። የመጣችው «አቤት» ትላለች። ባሕር ማዶ ላለችው ከእርሷ ደብዳቤ የደረሳት ወይም በስልክ ያነጋገረቻት ትመልሳለች። ከታናናሾቹ መካከል ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት 60,000 ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር የዘመቱ ነበሩ። ከዘመቻው ተመልሰው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የቀይ ሽብር ጊዜ የሞቱም አሉባቸው። የእነርሱ ስም ሲጠራ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ የአልጋ ጎረቤቷ የነበረችው ስለ እርሷ «አቤት» ትላለች። እናት አባቶቻቸው በዚያን ጊዜ ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ያልተፈቀደላቸው ነበሩና፣ ለአንዳንዶቹ በስማቸው ተጠርተው የሚታወሱበት ቦታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን ይዤ ልምጣ?»

አንባቢዎቻችን፣ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ስትጠራ ለብዙ ጊዜ መልስ ያልተገኘላት የአንዲት ሴት ነገር ነው።

እኚህ እናት በክፍሉ በሒሳብ የሚቀድማቸው አልነበረም። አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ። መስከረም ሲጠባ አልጋቸው ባዶ ሆኖ ቀረ። ተድረው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ስለነበር፣ ለእርሳቸው ሊከራከር የሚችል የሕግ አንቀጽም አልነበረም። የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ጓደኞቻቸው ደብዳቤ ቢጽፉ መልስ አጡ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ነርሷ በአንድ ለቅሶ ቤት በአጋጣሚ አገኟቸው። ደብረ ብርሃን ይኖሩ ነበር። ወደ ማኅበሩ እንዲመጡ ሲለመኑ «እናንተ ነርስ ሆናችኋል፤ አስተማሪ ሆናችኋል፤ አሜሪካ ሄዳችኋል። እኔ ምን ይዤ ልምጣ?» ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ነርሷና አስተማሪዋ ተነሥተው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዱ። ሰፈሩ ደርሰው በስማቸው ቢጠይቁ የሚያውቃቸው ጠፋ። መልካቸውን ሲናገሩ ግን አንዲት አሮጊት «የኛን አስተማሪ ነው የምትሉት?» ብለው በሩ ድረስ ወሰዷቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ በቀበሌው ከተማሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ እርሳቸው ነበሩ። ሰባት ልጆቻቸውን እያሳደጉ፣ ማታ ማታ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ፊደል አስቆጠሩ። ሴቶቹ እንጀራቸውን ጋግረው፣ ሕፃኖቻቸውን አዝለው ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ ፈተናውን አልፈው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ወደ በሩ የመሩት አሮጊትም ከእነዚያ አንዷ ናቸው።

እኔ በተገኘሁበት እሑድ የመናገር ተራው የእርሳቸው ነበር። «ልጆች አሳደግሁ፤ ሌላ ምንም አልሠራሁም» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ ጡረተኛዋ አስተማሪ አላስቀመጧቸውም።

«ስንት ሴት አስተማርሽ?»

«ማን ቆጥሮት! ያ እኮ ደመወዝ የለውም ነበር።»

«ደመወዙን ማን ጠየቀሽ? ስንት አስተማርሽ ነው ያልሁሽ።»

እናታችን ጣታቸውን እያጠፉ የጎረቤቶቻቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። ሁለቱንም እጆቻቸውን ሦስት ጊዜ ቆጥረው ሳይጨርሱ ቡናው ቀረበ።

ለእናንተም

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ የአብሮ አደጎችና የትምህርት ቤት ጓደኞች ስብሰባ በየቦታው እየተለመደ መጥቷል። መልካም ልማድ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የተሳካላቸው፣ የሚነገረውም ስለ ሹመትና ስለ ቤት ብቻ ይሆንና፣ ትምህርቷን ያቋረጠችው፣ ትዳሯ የፈረሰው፣ በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛነት ደክማ የተመለሰችው ከደጅ ትቀራለች። እርሷ እምቢ የምትለው ኮርታ አይደለም፤ አፍራ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጠርታ ብትቀር ሁለተኛ ጥሯት፤ በስልክ እምቢ ብትል ቤቷ ድረስ ሂዱ። መዋጮው ከበዛባት መዋጮውን ቀንሱ፤ ድግሱንም ከቡናና ከዳቦ አታሳልፉት። ስትመጣም «አሁን ምን ሠራሽ?» በማለት አትጀምሩ። ስለ አልጋ ጎረቤቷ፣ ስለ ሣጥኗ፣ ስለ ሹሩባዋ ጠይቋት፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።

የቆዩ ፎቶግራፎች በእጃችሁ ካሉም ዛሬውኑ ከጀርባቸው የእያንዳንዷን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉባቸው። እነዚህ እናቶች አምስት ፎቶግራፎች ነበሯቸው፤ በአንዱ ላይ የቆመችውን ልጃገረድ ስም የሚያስታውስ ከመካከላቸው አልተገኘም።

የስድስት ኪሎው ግቢ ዛሬ እንደገና ልጃገረዶች የሚያድሩበት ሆኗል። እነዚህ ልጆች ከመጽሐፍ የማያገኙት ትምህርት ከእነዚህ እናቶች ዘንድ አለ። የነርሷን የበቅሎ መንገድ፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዋን ትዕግሥት፣ የደብረ ብርሃኗን የማታ ክፍል ቢሰሙ ይጠቀማሉ። አሥራ አንዱ እናቶች ግቢውን ለመጎብኘት ፈቃድ ለመጠየቅ ተስማምተዋል። በልጃገረዶቹ ፊት ቆመው እንዲናገሩ የመረጧቸውም «ምን ይዤ ልምጣ?» ያሉትን እናት ነው።