ስልክ ሲቋረጥ ማሳወቂያ በምን ይላካል?

ከውጭ ገዢና ባለሀብት ጋር የተደረገ ውል እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን ሳይሆን «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለውን አንቀጽ ነው። ብዙ ጊዜ ከሌላ ውል ተገልብጦ የገባ ነው፦ ችግር የገጠመው ወገን በጥቂት ቀናት ውስጥ በኢሜይል ያሳውቅ፣ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል ይላል።

የዚህን አንቀጽ ዋጋ መቐለ ታውቀዋለች። በሐምሌ 2009 ኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ፤ እንደ ባንግላዴሹ ዲቢኤልና እንደ ጣሊያኑ ካልዜዶኒያ ያሉ ኩባንያዎችም ወደ ከተማዋ መጥተው ነበር። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ሥራው ቆመ። ከሰኔ 2013 በኋላ ደግሞ ባንክም፣ ስልክም፣ ኢንተርኔትም አልነበረም። አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2015 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መቐለ ያለ ነጋዴ ማንን፣ በምን ያሳውቅ?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1793 የእርስ በርስ ጦርነትን ስሙን ጠርቶ ያነሳዋል። ቁጥር 1792 ግን ጥብቅ ነው፤ ግዴታውን መፈጸም ጨርሶ የማይቻል ሊሆን ይገባል፣ መክበዱ ወይም መወደዱ አይበቃም። ውሉ በእንግሊዝ ሕግ የሚመራ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው እናንተ የጻፋችሁት አንቀጽ ነው።

በውሉ ውስጥ ያለው የግልግል ዳኝነት አንቀጽም እንዲሁ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የሚደነግገውን የኒው ዮርክ ስምምነት የተቀበለችው በነሐሴ 2012 ሲሆን፣ በእኛ ላይ የጸናው ጦርነቱ በጀመረበት ሰሞን፣ በኅዳር 2013 ነው። አገራችን ስትቀበለው ከዚያ በፊት ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶች እንደማይሠራ አስመዝግባለች። ፓርኩ ሲከፈት የተፈረሙት ውሎች እንግዲህ ከጥበቃው ውጭ ናቸው።

አሁን ተመልሰው ለሚመጡ ባለሀብቶች፣ ለመቐለ ነጋዴዎችና በውጭ ላላችሁ ወገኖቼ የምለው ይህን ነው። የማሳወቂያው ጊዜ አገልግሎት ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር አስጽፉ። የባንክና የመገናኛ መቋረጥን በስሙ ጥቀሱ። ከነሐሴ 2012 በፊት የተፈረመ የግልግል ስምምነት ካላችሁ አድሱት። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቅዷል፤ ጠበቆች የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ የድርጅቶቻችሁን አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ብቻ አታስቀሩት። ጠበቃ የሚፈለገው ከመፈረም በፊት ነው።