ምስጋና በጎንደር ቤት

ከረጅም ዘመን በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ሰው አስቀድሞ የሚያስተውለው የተለወጠውን ነው፤ እኔም ጎንደር በገባሁ ጊዜ ከአዘዞ እስከ ማራኪ የተዘረጋውን ሕንፃና በየጎዳናው የሚመላለሰውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዛት አይቼ ተደነቅሁ። ዳሩ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው ያልተለወጠው ነገር፣ ይኸውም በማራኪ ባለው በታላቅ እኅቴ ቤት ከንጋት እስከ ምሽት የሚፈጸመው የምስጋና ሥርዓት ነው።

እኅቴ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ወደ ምሥራቅ ዞራ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ይህ ጸሎት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰናዳ በመሆኑ፣ ሰው ደስ ባለው ቀን አንሥቶ ባዘነበት ቀን የሚተወው አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕለት የራሱን ምስጋና ይዞ ይመጣልና። ጎረቤት በአጥር በኩል «እንደምን አደሩ፣ እትዬ?» ያላት እንደ ሆነ መልሷ አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ የጤፉ ዋጋ፣ የጉልበቷ ሕመም፣ የመንገዱ ሥጋት የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ችግሩ አይሸሸግም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይፋለስም።

ይህ ልማድ ምንጩ ወዴት እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው በሰንበት ማለዳ ቅዳሴ ይቁም። ካህኑ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራውን ጸሎተ አኰቴት ሲያደርስ፣ ስለ ሀብት ወይም ስለ ድል ሳይሆን ምእመናኑ ተጠብቀው ለዚያች ሰዓት ስለ መብቃታቸው ያመሰግናል፤ በበዓል ቀን ቤተ ሰቡ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲባባልም ያው የመቅደሱ ምስጋና ደጀ ሰላሙን አልፎ ወደ ማዕድ መግባቱ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ይህች ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለውን ምስጋና በመከራ የተማረች ናት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ፣ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ያሠሯት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ተረፈች፤ ሽማግሎች የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረላት ይተርካሉ። በጥር ሥላሴ ዕለት ከእኅቴ ልጆች ጋር ሄጄ፣ በጣሪያዋ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብዬ ስመለከት፣ የተቃጠለውን ሳይረሳ ስለ ተረፈው የሚያመሰግን ሕዝብ በዙሪያዬ ቆሞ አየሁ።

ከሁሉም በላይ ልናገርለት የምወደው ግን የጽዋ ማኅበሩ ነው። እኅቴና ማኅበርተኞቿ በየወሩ በ12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን መታሰቢያ በተራ ያደርጋሉ፤ ባለ ተራዪቱ ጠላውን ጠምቃ፣ ድፎውን ደፍታ ትቀበላለች፤ የነፍስ አባት ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል፤ ልጆች እጅ እያስታጠቡ፣ እንጀራ እያቀረቡ ታላላቆቻቸው ሲመርቁ «አሜን» ይላሉ። እኔ በነበርሁበት ወር ተራው የደረሰው ባሏ የሞተባትና እጅ ያጠራት አንዲት ሴት ዘንድ ነበር። ተራዋ ይለፍ ያለ ማንም አልነበረም፤ ይልቁንም ማኅበርተኞቿ ከዋዜማው በፊት ገብሱንም ዱቄቱንም ሰው ሳያይ በጓሮ በር አስገቡላት፤ በዕለቱም እንደ ማንኛዪቱም ባለ ቤት ቆማ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያለች አስተናገደች፤ በመጨረሻም ጽዋውን ለቀጣዪቱ ባለ ተራ ባስረከበች ጊዜ ፊቷ በርቶ ነበር። ይህን ካየሁ ወዲህ፣ ችግረኛን ከአመስጋኞች ማዕርግ ሳያወርድ የሚረዳ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አለ ብዬ አላምንም።

እኔ ብዙ ዘመን በኖርሁባት በአሜሪካ ሕዝቡ በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ ለምስጋና ይሰበሰባል፤ ከሩቅ አገር ሳይቀር ልጅ ወደ ወላጆቹ የሚመለስበት የተከበረ ቀን ነው። እኛ ስደተኞችም በየከተማው ቤተ ክርስቲያን ተክለን ቅዳሴውን ጠብቀናል። የላላው በቤት ውስጥ ያለው ሥርዓት ነው፤ አባት በሌሊት፣ እናት በቀን ተረኛ ሆነው ሲሠሩ ልጆች ማዕዱን ለየብቻቸው ይቀርባሉና፣ ምርቃት የሚሰጥና «አሜን» የሚል በአንድ ገበታ አይገናኝም።

ስለዚህ በባዕድ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ለዝክር የሚሆን ገንዘብ ወደ አገር ቤት መላካችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተራችሁን በገንዘብ ብቻ አታሳልፉ። በምትኖሩበት ከተማ ጥቂት ቤተ ሰቦች ሁናችሁ ማኅበር ጠጡ፤ ወር ቢያጥርባችሁ እንኳ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ተሰብሰቡ፤ እንጀራውንም ልጆቻችሁ ያቅርቡ።