የሸሕዲ መንገድና የአሮጌው መኪና መስተዋት

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ሸሕዲ የሚሄድ መንገደኛ፥ ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱን አስቀድሞ የሚነግረው የገዛ ሰውነቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፥ ሸሕዲ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናትና፥ ጧት የደረቡት ጋቢ ከቀትር በፊት ሸክም ይሆናል። ዛሬ ገንዳ ውሃ ተብላ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ይህችው ሸሕዲ፥ አገሯ በሰሊጥና በጥጥ የታወቀ ነው።

እኔ ይህን መንገድ የሄድሁት በ2007 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ ከአጎቴ ጋር በአሮጌ ፎልስዋገናቸው ነው። የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ያለና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፥ ውሃ ፈላ ብሎ በቆላ ሙቀት አያስቆምም። ያስቸገረንስ ሾፌሮች ስፖኪዮ የሚሉት የውስጡ መስተዋት ነበር። ብዙ ክረምት አልፎበት ጥቁር ነጠብጣብ ወርሶታልና፥ ከመካከሉ ትንሽ ስፍራ በቀር የሚያሳይ አልነበረም።

ከአይከል በኋላ ባለው ቁልቁለት ፍየሎች ወደ መንገዱ ቢገቡ፥ አጎቴ መሪውን ወደ ግራ መለስ አደረጉ። በዚያው ቅጽበት አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እየጮኸ በአጠገባችን አለፈ። እኛን ከእርሱ የለየን አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። መኪናው ከኋላችን ሲመጣ በመስተዋቱ አልታየም።

ጥቂት ቆይቼ፥ «አጎቴ፥ ይህን መስተዋት ስለምን አይለውጡትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «እኅቴ እንደምትለው እልኸኛ ሆኜ አይደለም። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ነጠላዋን የምታስተካክለው በዚህ ነበር» አሉኝ። ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበርና፥ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ይህ መሣሪያ ትንሽ ቢመስልም ታሪክ አለው። በግንቦት 1903 ዓ.ም. በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በተደረገው የ500 ማይል ውድድር፥ ሌሎቹ ከኋላ የሚመጣውን የሚነግራቸው ረዳት ይዘው ሲሮጡ፥ ሬይ ሃሩን የሚባለው ነጂ ግን በረዳት ፈንታ መስተዋት ተክሎ ብቻውን ነዳና አሸነፈ። እንግዲህ የመስተዋቱ ሥራ የታመነ ረዳት መሆን ነው። የሚያሳየውም ብርጭቆው ብቻ ሳይሆን፥ በጀርባው የተለበጠው ስስ ብር ነው። እርጥበት በጠርዙ በኩል ገብቶ ብሩን ሲበላው ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል፤ ይህም ከፊት ቢወለውሉት አይለቅም።

ሸሕዲ እንደ ደረስን፥ መስተዋት ከሚቆርጥ አንድ ወጣት ዘንድ ሄድን። ወጣቱም፥ «ጋሼ፥ ይህን ጥለን አዲስ እንለጥፍልዎ» ሲላቸው፥ አጎቴ መስተዋቱን በእጃቸው ሸፈኑት። እንደ ገና በብር ማስለበጥም ይቻል እንደ ሆነ ጠየቁ። ነገር ግን ለዚህ የሚዘጋጀው የብር ጨውና የአሞንያክ ድብልቅ ካደረ ሊፈነዳ ስለሚችል፥ የባለሙያ እንጂ የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና፥ በዚህ ጊዜ የመዝገብ ቤታችን ልማድ ትዝ አለኝ። አሮጌ መዝገብ ሲደበዝዝ ግልባጩ ለሥራ ይውላል፤ ዋናው ግን በክብር ይቀመጣል እንጂ አይጣልም። ይህን ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና እጃቸውን አነሡ።

ወጣቱም በካቻቢቴ ቪቴውን ፈታ። የክፈፉን ጠርዝ ብረት እንዳይጭረው በእንጨት ቁራጭ ቀስ አድርጎ ከፈተ። አሮጌውን መስተዋት በወረቀት ላይ አኑሮ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለና፥ በዚያው ልክ፥ በውፍረትም እኩል የሆነ አዲስ መስተዋት ቆረጠ። ጠርዙን በእርጥብ ድንጋይ አለሰለሰ፤ እርጥበት እንዳይገባበትም ጠርዙን ቀለም ቀባው። ክፈፉን በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጠረገው፤ በሻካራ ነገር ቢፈተግ ልባጩ ይነሣልና። በመጨረሻም መስተዋቱ እንዳይንቀጠቀጥ የላላውን መጋጠሚያ አጠበቀ። አጎቴም አሮጌውን መስተዋት በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው አኖሩት።

በማግሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ወደ ወደቁበት ወደ መተማ ዮሐንስ ሄድን። በመንገዱ ሁሉ አጎቴ ወደ ፊት እያዩ፥ አልፎ አልፎ ወደ መስተዋቱ ቀና ይሉ ነበር። «መንገዱ ሁሉ ይታየኛል» አሉኝ።

ከወላጅ የወረሰውን መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ፥ ክረምት በወጣ ቁጥር መስተዋቱን እንዲመረምር እመክራለሁ። የአጎቴ ባለቤት መስተዋት ዛሬ በቤታቸው በፎቶግራፋቸው አጠገብ ቆሟል፤ እርሳቸውም እሑድ እሑድ ከመውጣታቸው በፊት ነጠላቸውን የሚያስተካክሉት በእርሱ ነው።